የባህል ችሎታ በሥነ ልቡና ከፍተኛ ትምህርት፤ ስለ 1992ቱ ሰነድና ስለ ተከታዮቹ የቀረበ ትችት

1. የጥያቄው መነሻ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ዴራልድ ዊንግ ሱ፥ ፓትሪሺያ አሬዶንዶና ሮደሪክ ማክዴቪስ በ1992 በአሜሪካ አገር ያወጡትን ሰነድ ነው። ሰነዱ ከልዩ ልዩ ባህል ከመጡ ሰዎች ጋራ ለሚሠራ አማካሪ የሚያስፈልጉትን ችሎታዎች ይዘረዝራል። (ዓመተ ምሕረቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በሥነ ልቡና የከፍተኛ ትምህርት የሚከታተል ሰው፥ ሰነዱን በስሙ ባያውቀው እንኳ፥ በመምህሩ ንግግርና በመማሪያ መጽሐፉ አማካይነት ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ስለዚህ ሰነዱ ምን እንዳለ፥ ምን እንደ ሠራና ምን ሳይሠራ እንደ ቀረ መመርመር የታሪክ ወዳዶች ሥራ ብቻ አይደለም።

ጥያቄያችን አንድ ነው። በዚህ ሰነድ መሠረት ተምሮና ተፈትኖ፥ «የባህል ችሎታ አለው» ተብሎ የተመረቀ ሰው፥ ከእርሱ ልማድ ውጭ ያደገ ሰው ከፊቱ ሲቀመጥ በእውነት ያዳምጠዋልን? የማያዳምጠው ከሆነ ጉዳቱ የሚደርሰው በተማሪው ላይ አይደለም። ተማሪው ዲፕሎማውን ይዞ ይሄዳል። የሚጎዳው ጭንቀቱን ይዞ መጥቶ፥ ባልሆነ ስም ተጠርቶ፥ ባልታመመበት ታክሞ የሚመለሰው ሰው ነው።

የሰነዱን አመጣጥ በአጭሩ እንግለጽ። በ1973 የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር በኮሎራዶ ግዛት በቬይል ከተማ ስለ ባለሙያዎች ትምህርት ጉባኤ አድርጎ ነበር። ጉባኤው ባህላቸው ልዩ የሆኑ ሰዎችን ለመርዳት ያልሠለጠነ ባለሙያ እነርሱን ቢያክም ከሙያው ሥነ ምግባር ውጭ መሆኑን ገለጸ። ነገር ግን በዚያው አላበቃም፤ የሠለጠነ ሰው የለንም ብሎ እነዚህን ሰዎች ከደጅ መመለስም እኩል ጥፋት ነው አለ። በእነዚህ በሁለቱ ቃሎች መካከል የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ማሠልጠን ነው።

እንዴት እንደሚሠለጠን ግን ጉባኤው ዘርዝሮ አልተናገረም። በ1982 ሱና ጓደኞቻቸው ሥልጠናው ሦስት ክፍል እንዲኖረው ሐሳብ አቀረቡ። መጀመሪያው ራስን ማወቅ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሌላው ሰው ማወቅ ነው፤ ሦስተኛው የሥራ ስልት ነው። የ1992ቱ ሰነድ ይህንኑ አስፋፍቶ 31 ችሎታዎችን ዘረዘረ። በ1996 አሬዶንዶና ሌሎች ባለሙያዎች በእያንዳንዱ ችሎታ ሥር ማብራሪያ ጨመሩ። በ2003 ማኅበሩ የራሱን መመሪያ አወጣ፥ በ2017ም በአዲስ መልክ አዘጋጀው። ዛሬ በአሜሪካ የሥነ ልቡና የዶክትሬት ትምህርት ቤት የማኅበሩን ዕውቅና ለማግኘት ተማሪዎቹን በዚህ ረገድ ማሠልጠኑን ማሳየት አለበት። እንግዲህ ምክር ሆኖ የተጀመረው ነገር ግዴታ ሆኗል ማለት ነው።

2. ሰነዱ የሚመሰገንበት

ከመንቀፋችን በፊት የሚገባውን ምስጋና መስጠት ይገባናል። የሰነዱ የመጀመሪያ መልካም ሥራ ነገሩን ከአማካሪው ከራሱ መጀመሩ ነው። ከዚያ አስቀድሞ «ባህል» ሲባል የሌላው ሰው ነገር ነበር፤ ሐኪሙ ባህል የሌለው፥ ታካሚው ግን ባህል የተጫነው ሆኖ ይታይ ነበር። ሰነዱ ይህን ገለበጠው። አማካሪው ራሱ ከአንድ ቤት የወጣ፥ አንድ ዓይነት ጨዋነት የተማረ፥ አንዳንዱን ነገር ሳይመረምር እንደ እውነት የተቀበለ ሰው መሆኑን እንዲያውቅ ጠየቀ። «ሰው ችግሩን ለማያውቀው ሰው ገልጦ ቢናገር ይሻለዋል» የሚለው እምነት እንኳ የአንድ አገርና የአንድ ዘመን እምነት መሆኑን ለመረዳት በር ከፈተ።

ሁለተኛው መልካም ሥራ ሁሉን ነገር በሰው ልብ ውስጥ አለመፈለጉ ነው። ድኅነት፥ አድልዎና የመሥሪያ ቤቶች አሠራር ሰውን ከሕክምና ሊያርቁት እንደሚችሉ ሰነዱ በግልጽ ይናገራል። ሦስተኛው ደግሞ ዝርዝር መሆኑ ነው። መልካም ፈቃድ ብቻ ትምህርት አይሆንም፤ መምህር ሊያስተምረው፥ ተማሪም ሊጠየቅበት የሚችል ነገር ያስፈልጋል። ሰነዱ ይህን ሰጠ።

የምንነቅፈውም ከእነዚህ ከመልካሞቹ ነገሮች የተወለደውን ነው። ዝርዝር መሆኑ ለማስተማር እንደ ረዳ ሁሉ ለማታለልም ረድቷል።

3. ሦስቱ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት ሁለተኛውን ክፍል፥ ስለ ሌላው ሰው ማወቅ የተባለውን ይመለከታል። የ1992ቱ ሰነድ በተለይ ያተኰረው በአሜሪካ በሚኖሩት በአራት ወገኖች ላይ ነው፤ እነርሱም ጥቁሮች፥ ከእስያ የመጡ፥ ስፓኝኛ ተናጋሪዎችና የአገሩ ጥንተ ነዋሪዎች ናቸው። በዚያ አገር ታሪክ ይህ አከፋፈል ምክንያት አለው፤ የአድልዎው ሕግም በዚሁ አከፋፈል ይሠራ ነበርና። ነገር ግን ለፖለቲካ ትግል የሚጠቅም አከፋፈል ለሕክምና ክፍል ሁልጊዜ አይጠቅምም። አያቶቹ በሚሲሲፒ በባርነት ጥጥ የለቀሙ ሰውና ትናንት ከጎንደር ወደ ሜሪላንድ የገባ ሰው በአንድ ምዕራፍ ሥር ይወድቃሉ። የቆዳ ቀለማቸውን አይቶ የሚያዋርዳቸው ሰው ሊለያቸው አይችል ይሆናል፤ በዚህ በኩል አንድ ዕድል አላቸው። ሐዘናቸው፥ ጸሎታቸው፥ አባትና ልጅ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ግን አንድ አይደለም።

የምዕራፉን ስም በማብዛት ጉድለቱ አይወገድም። ዐሥር ምዕራፍ ቢኖር ተማሪው ዐሥር ዓይነት ሰው ያጠናል፤ ወደ ክፍሉ የሚገባው ግን ዐሥራ አንደኛው ነው። ሜላኒ ተርቫሎንና ጃን መሪ-ጋርሺያ በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ውስጥ የነገሩት ታሪክ ይህን ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ያስረዳል። አንዲት ላቲን አሜሪካዊት ሴት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ጥቂት ሰዓት እንዳለፈ በብርቱ ታቃስታለች። ለምክር የተጠራ፥ እርሱም ከላቲን አሜሪካ ወገን የሆነ ሐኪም ሕመሙ እንደ ጸናባት ለነርሷ ይነግራታል። ነርሷ ግን ስለ ልዩ ልዩ ባህል ሕክምና ኮርስ መውሰዷን፥ እነዚህ ሰዎች ሕመማቸውን አጋነው እንደሚገልጹ መማሯን ነግራ ሐሳቡን ሳትቀበል ትቀራለች። ልብ እንበል፤ ነርሷ ያላወቀች አልነበረችም። ዕውቀቷ ነው ጆሮዋን የደፈነው። ኮርሱን ባትወስድ ኖሮ ምናልባት የሴቲቱን ማቃሰት ትሰማ ነበር። የእኛ አገር ሰው «ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው እንዲህ ላለው ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመመዘኛው ነው። ሰነዱ ከወጣ በኋላ፥ ከመውጣቱም ጥቂት ቀደም ብሎ፥ ችሎታውን ለመለካት ልዩ ልዩ መጠይቆች ተዘጋጁ። ከእነርሱ ውስጥ ብዙዎቹ የሚጠይቁት ተማሪውን ራሱን ነው፤ ምን ያህል ታውቃለህ፥ ምን ያህል ትችላለህ ይሉታል፤ እርሱም ቍጥር መርጦ ያከብባል። በሌላ ትምህርት ይህን ብናደርግ ሰው ይስቅብን ነበር። የሒሳብ ተማሪ «ሒሳብ በጣም እችላለሁ» በማለቱ አያልፍም።

ማዶና ኮንስታንቲንና ኒኮላስ ላዴኒ በ2000 ባወጡት ጥናት ይህን መረመሩ። በአንድ በኩል እነዚህን መጠይቆች፥ በሌላ በኩል ሰውየው የአንድን ተመካሪ ችግር ከባህሉ ጋራ አገናዝቦ በጽሑፍ ማስረዳት መቻሉን ለኩ። በሰው ዘንድ ደኅና ሆኖ የመታየት ፍላጎት ከስሌቱ ሲወጣ፥ ከመጠይቆቹ አንዳቸውም ከማስረዳት ችሎታው ጋራ የሚዛመድ ሆኖ አልተገኘም። በ2018 ሶቶና ጓደኞቻቸው ቀደም ብለው የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው ያገኙት ውጤት ደግሞ ከዚህ ጋራ ይስማማል። ተመካሪው «ይህ ሰው ባህሌን ይረዳል» ብሎ የሰጠው ምስክርነት ከሕክምናው ውጤት ጋራ 0.38 ያህል ተዛምዶ ነበረው፤ አማካሪው ለራሱ የሰጠው ምስክርነት ግን 0.06 ብቻ ነበር፤ ይህም ከምንም የሚቈጠር አይደለም።

ይህ ግኝት ሊያስደነግጠን ይገባል። ትርጓሜው ችሎታው የለም ማለት አይደለም። ችሎታው አለ፥ ለታካሚውም ይጠቅመዋል፤ ነገር ግን የት እንዳለ የሚያውቀው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ተመካሪ እንጂ አማካሪው አይደለም። ትምህርት ቤቶቻችን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት የማያውቀውን ነው። ኮርሱ ሲያልቅ የተማሪው ቍጥር ከፍ ይላል፤ ትምህርት ቤቱም ኮርሱ ሠርቷል ብሎ ይጽፋል። ከፍ ያለው ግን ችሎታው ይሁን፥ ወይስ ምን ብሎ መመለስ እንደሚገባ ማወቁ፥ ከወረቀቱ መለየት አይቻልም።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉም ይበልጥ ስውር ነው፤ ይኸውም ባህል የሚባለው ነገር ሌላውን ምክንያት ሁሉ መሸፈኑ ነው። አርተር ክላይንማንና ፒተር ቤንሰን በ2006 ባወጡት ጽሑፍ የሚከተለውን ይተርካሉ። ሚስቱ የሞተችበት አንድ የሜክሲኮ ሰው የኤች አይ ቪ ሕመምተኛ የሆነ የ4 ዓመት ልጅ ነበረው። አባትዬው ልጁን በቀጠሮው ቀን አያመጣውም። ሐኪሞቹ ሰውየው ስለ በሽታው ያለው አስተሳሰብ ከባህሉ የመጣ ነው ብለው ገመቱ። ተጠይቆ ሲመረመር ግን ስለ በሽታውም ስለ መድኃኒቱም በሚገባ የሚያውቅ ሆኖ ተገኘ። የአውቶቡስ ነጂ ነው፤ ደመወዙ እጅግ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይሠራል፤ ልጁን ወደ ሐኪም ቤት የሚወስድበት ጊዜ አልነበረውም። ነገሩ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ባህልን የፈለጉት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዲያውም የተማሩትን በሥራ ላይ ማዋላቸው ነበር። የ1992ቱ ሰነድ ድኅነትንና የመሥሪያ ቤት እንቅፋትን ጽፎ ሳለ፥ ተማሪዎች ከእርሱ ይዘው የሚወጡት «ባህል» የሚለውን ቃል ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

4. አንድ የታሰበ ምሳሌ

ነገሩን ወደ ራሳችን ቋንቋ ለማቅረብ አንድ ምሳሌ እናስብ። ምሳሌው የታሰበ እንጂ የደረሰ አይደለም፤ ነገር ግን ከአገራቸው ወጥተው የሚኖሩ ዘመዶች ያሉት አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም ብለን እናምናለን።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ስድሳ ዓመት ያህል የሆናቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት እንቅልፍ አጥተው ወደ አንድ ክሊኒክ ይላካሉ። የምትቀበላቸው በትምህርቷ መጨረሻ ላይ ያለች ተማሪ ናት። አስተርጓሚ አለ። ተማሪዋ «እንደምን ነዎት?» ትላለች። እርሳቸውም ዓይናቸውን ወደ መሬት ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ ልጄ» ይላሉ። ተማሪዋ «ደኅና ነኝ አሉ፤ ዓይን አያዩም» ብላ ትጽፋለች። ጥቂት ቆይተው «ብቻ ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ይላሉ። አስተርጓሚው ቃል በቃል ይመልሰዋል፤ ተማሪዋም «የሆድ ሕመም» ብላ ትጽፍና ለሆድ ሐኪም ትመራቸዋለች።

ይህች ያልተማረችው ተማሪ ናት። አሁን ደግሞ የተማረችውን እንመልከት። ይህችኛዋ ዓይንን ዝቅ ማድረግ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የአክብሮት ምልክት መሆኑን አንብባለች። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ያወጣውን የሕመሞች መለያ መጽሐፍም ታውቀዋለች። በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከባህል ጋራ የተሳሰሩ ናቸው ተብለው ከተዘረዘሩት 25 ያህል ነገሮች አንዱ ዛር ነው፤ ኢትዮጵያም በስሟ ተጠርታለች። ስለዚህ ተማሪዋ በትሕትና፥ በጥሩ ፈቃድ፥ ስለ መንፈስ ትጠይቃለች። እኒያ እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ፥ ዛርን የሚጸየፉ ሴት ናቸው። ያፍራሉ፥ ይከፋቸዋልም። «ኧረ በስመ ሥላሴ!» ብለው ዝም ይላሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አይመጡም።

ሁለቱም ተማሪዎች ያልሰሙት ነገር ይህ ነው። የእኒህ እናት ታላቅ እኅት በአገር ቤት ሞተዋል። መርዶው የደረሳቸው በሥራ ቦታቸው፥ ብቻቸውን ሳሉ፥ በስልክ ነው። በአገራችን ልማድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተጠራርቶ፥ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል በር አንኳኩቶ፥ የሚደግፍ ክንድ አዘጋጅቶ ነው የሚያረዳው። እኒህ እናት ወድቀው የሚያነሣቸው ሳይኖር ሰምተዋል፤ ሥራቸውን ጨርሰው በአውቶቡስ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል፤ ለቀብርም አልደረሱም። የወጣው ልቅሶ የለም። እንቅልፍ የነሣቸው ይኸው ነው። ይህን የሚናገር ምዕራፍ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም፥ ሁሉን ልማድ የሚይዝ መጽሐፍ ሊጻፍ አይችልምና። ነገር ግን ሊጠየቅ ይችል ነበር። «ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን ሆነው ነበር? እዚህ ሳይሆን አገርዎ ቢሆኑ ኖሮ እንዴት ይሆን ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር።

ሆድ የሐዘንና የምሥጢር ማኅደር መሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ ግልጽ ነው፤ ለሌላው ግን ከባድ ስሕተት ሊያመጣ ይችላል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የፈለሱ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ምግብ አልበላ ሲላቸው ጋዲ ቤን-ኤዘር በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ይህ በአውሮፓ መጻሕፍት የታወቀው ራስን በረኃብ የመቅጣት ሕመም ነው ወይስ ኢትዮጵያዊ የሆነ የመከራ መቻያ መንገድ ነው ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄውን መጠየቃቸው ራሱ የትክክለኛ ሠልጣኝ ምልክት ነው። የቸኰለ ሰው ስሙን ሰጥቶ ያልፍ ነበር።

5. ስለ «ባህል ትሕትና» የምንለው

ከላይ የጠቀስናቸው ተርቫሎንና መሪ-ጋርሺያ «ችሎታ» በሚለው ቃል ፈንታ «የባህል ትሕትና» የሚል ቃል አቅርበዋል። ሐሳባቸው ይህ ትምህርት ተፈጽሞ የሚመረቁበት ሳይሆን ዕድሜ ልክ ራስን የሚመረምሩበት ነው፤ ሐኪሙ መምህር ሆኖ ሳይሆን ተማሪ ሆኖ በታካሚው ፊት ይቀመጥ የሚል ነው። ይህ አስተያየት ደስ ያሰኛል፤ ስሙም ለእኛ ጆሮ ይጥማል። ሆኖም ያለ ትችት ልንቀበለው አንችልም።

ትሕትና ያለ ዕውቀት በቀላሉ ስንፍና ይሆናል። ተማሪው ምንም ሳያነብ «ከእርስዎ እማራለሁ» ቢል የማስተማሩን ሸክም የጫነው በታመመው ሰው ላይ ነው። ስለ አገሩ፥ ስለ ሃይማኖቱ፥ ስለ ስደቱ ከሀ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሐኪም ሲያስረዳ የሚውል ታካሚ ይደክመዋል። ከዚህም በላይ በዕድሜና በክብር የሚያምን ሰው ሐኪሙ «እኔ አላውቅም» ሲለው ትሕትናውን ሳይሆን አለማወቁን ብቻ ይሰማል፤ ወደሚያውቅ ሰውም ይሄዳል።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የተሻለውን ሚዛን ያሳዩት ስታንሊ ሱ ናቸው። በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፥ ግምትን እንደ ግምት ይዞ መመርመር እንጂ ቸኵሎ አለመፍረድ፤ ሁለተኛ፥ ስለ አንድ ወገን የሚታወቀውን ነገር በዚህ ሰው ላይ መቼ ማዋል፥ መቼ መተው እንደሚገባ መለየት፤ ሦስተኛ፥ ስለዚያ ወገን በቂ ዕውቀት መያዝ ናቸው። የነርሷ ጥፋት ሦስተኛው ኖሯት ሁለቱ አለመኖራቸው ነው። የመጀመሪያዋ ተማሪያችን ጥፋት ደግሞ ሦስተኛውን ማጣቷ ነው። ዕውቀት ጥያቄን ይወልዳል እንጂ ጥያቄን አይተካም።

የሐኪሞቹ ማኅበር መጽሐፍም ወደዚሁ ያዘነበለ ይመስላል። በ2013 በወጣው በአምስተኛው እትም የ25ቱ ዝርዝር ወደ 9 ዝቅ ሲል ዛርም ከዝርዝሩ ወጥቷል። በዚያው እትም 16 ጥያቄዎች ያሉት የባህል መጠይቅ ገብቷል፤ መጠይቁ በሥራ ላይ የተፈተነው በ6 አገሮች ሲሆን ከእነርሱ አንዷ ጎረቤታችን ኬንያ ናት። ጥያቄዎቹ ሰውየው ችግሩን ለዘመዶቹ በምን ቃል እንደሚገልጸው፥ ከምን መጣ ብሎ እንደሚያምን፥ በመጨረሻም ከሐኪሙ ጋራ አለመግባባት ይደርስ ይሆን ብሎ ይሠጋ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ከዝርዝር ወደ ጥያቄ መሻገር ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ 16 ጥያቄ በቃሉ የሸመደደ ተማሪ መልሱን ካላዳመጠ መጠይቁም ሌላ ዝርዝር ይሆንበታል።

6. ነገሩ የእኛም ነው

ይህ ሁሉ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፤ እኛ በአገራችን ልጆች መካከል እንሠራለን የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። አንስማማም። በኢትዮጵያ ከ80 የማያንሱ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በከተማ ያደገ፥ በእንግሊዝኛ የተማረ፥ በአማርኛ የሚያስብ ተማሪ ከቦረና ወይም ከሲዳማ የመጣ ሰው ሲቀርብለት ከአሜሪካዊቱ ተማሪ የሚሻልበት ምክንያት ብዙ አይደለም። እንዲያውም አንድ ተጨማሪ አደጋ አለበት፤ አሜሪካዊቱ እንግዳ መሆኗን ታውቃለች፥ እርሱ ግን «የአገሬ ሰው ነው፥ አውቀዋለሁ» ይላል። ገጠሬውን «አልተማረም» ብሎ ማለፍ፥ ጸበል የሄደውን ሰው መገሠጽ፥ በአስተርጓሚነት የጽዳት ሠራተኛን ወይም የታካሚውን ልጅ መጥራት፥ እነዚህ ሁሉ ከባህል አለማወቅ የሚመጡ ናቸው፤ ስማቸውን ግን አልሰጠናቸውም።

መጻሕፍቱም ከውጭ ይመጣሉ፤ መምህራንም እንዲሁ። በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሕክምና የከፍተኛ ትምህርት ሲጀመር የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየዓመቱ ለአንድ ለአንድ ወር እየመጡ ከአገሩ መምህራን ጋራ አስተምረዋል። እንዲህ ባለው ትብብር የካናዳ መምህር በኢትዮጵያዊው ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ኢትዮጵያዊውን ታካሚ ሲያዳምጥ፥ ሁለቱም አንዱ ለሌላው ይተረጕማሉ፥ ማን ያውቃል የሚለውም ጥያቄ በየሰዓቱ ይነሣል። ከመጽሐፍ ምዕራፍ ይልቅ ይህ ዓይነቱ መቀመጥ የሚያስተምር ይመስለናል፤ አንዱ የማያውቀውን ነገር ሌላው ሲያይበት አለማወቁ ይገለጣልና።

7. ምን ቢደረግ ይሻላል

ነቅፎ መተው አይገባም፤ ስለዚህ አራት ነገሮችን እናመለክታለን።

አንደኛ፥ ተማሪው ለራሱ የሚሰጠው ምስክርነት የማለፊያ መለኪያ መሆኑ ይቅር። በእርሱ ፈንታ ተመካሪው ይጠየቅ፤ በፈቃዱ የተቀዳ ንግግርም በመምህራን ይሰማ። በወረቀት ሳይሆን በድምፅ ቢፈተን ተማሪው መቼ እንዳቋረጠ፥ መቼ እንዳለፈ፥ መቼ እንደ ገመተ ይታወቃል።

ሁለተኛ፥ የባህል ነገር በአንድ ኮርስ ታጥሮ አይቅር። የመጠይቅ አዘገጃጀት የሚያስተምረው መምህር «ደስታ ራቀኝ» የሚለው ቃል በትርጕም ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ያሳይ፤ ስለ ልጆች ዕድገት የሚያስተምረውም ልጅ በአያት እጅ ሲያድግ መጽሐፉ የሚለው ይጸና እንደ ሆነ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ ከአስተርጓሚ ጋራ መሥራት ራሱን የቻለ ትምህርት ይሁን፥ ይፈተንበትም። ከላይ ባሳየነው ምሳሌ የመጀመሪያው ስሕተት የደረሰው በትርጕም ላይ ነው። ተማሪዋ «በዚያ ቋንቋ ይህ ቃል ለምን ለምን ይነገራል?» ብላ አስተርጓሚውን መጠየቅ አልተማረችም ነበር።

አራተኛ፥ ተማሪውን የሚቈጣጠሩት መምህራን ራሳቸው ይማሩ። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የፈጸሙት ይህ ነገር ከመስፋፋቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ስለ ባህል ጥያቄ ሲያነሣ መምህሩ ዝም ሊል ወይም ወደ ሌላ ነገር ሊያልፍ ይችላል። ተማሪም ከመጽሐፉ ይልቅ የመምህሩን ዝምታ ይማራል።

እነዚህ ነገሮች ጊዜና ገንዘብ እንደሚጠይቁ አንዘነጋም። የተቀዳ ንግግር ለመስማት የሚውለው ሰዓት መጠይቅ ለመቍጠር ከሚውለው ይበልጣል። ነገር ግን የቬይል ጉባኤ ያስቀመጠልን ሁለት ቃል አሁንም በፊታችን አለ፤ ሳይሠለጥኑ ማከም ጥፋት ነው፥ መመለስም ጥፋት ነው። የሠለጠነ መስሎ መመረቅ ግን ከሁለቱም የከፋ ይመስለናል፥ ያልሠለጠነው ቢያንስ ይፈራልና።

ከሽማግሌዎቻችን የምንሰማው «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ምሳሌ ስለ ሹመት የተነገረ ነው። በእኛ ሙያ ግን ባለመጠየቃችን የሚቀርብን ሹመት ሳይሆን ሰው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳትነው ነገር ቢኖር መምህሮቻችንና ጓደኞቻችን እንዲያርሙን፥ በተለይም ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ጓደኞቻችን የእኛ ምሳሌ የማይደርስበትን ከራሳቸው አገር ልማድ እንዲጨምሩልን በአክብሮት እንለምናለን።